ማግኔቱ አይስብም፣ ይመራል

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «የ11ኛ ክፍል የፊዚክስ መምህር ነኝ። ስለ ኤኤም ሄርኩሊስ ኮከብ ሳስተምር፣ ከጎረቤቱ የሚመጣው ጋዝ በማግኔት ኃይል ወደ ኮከቡ ዋልታ እንደሚወድቅና ብርሃኑ በየሦስት ሰዓቱ እንደሚለዋወጥ ለተማሪዎቼ ነገርኳቸው። አንዷ ‹ማግኔት ብረት እንጂ ሃይድሮጅን አይስብም› አለችኝ። ሌላው ደግሞ ‹ኮከብ ቢሽከረከር በሁሉም ጎኑ ያው ኮከብ ነው፤ መሽከርከሩ ብርሃኑን ለምን ይለውጠዋል?› አለ። ለሁለቱም የሚያረካ መልስ አጣሁ።»

መምህር፣ በመጀመሪያ ያቺን ተማሪ ስለ እኔ ያመስግኑልኝ። ልክ ናት። «ማግኔቱ ጋዙን ወደ ዋልታው ይስበዋል» የሚለው አነጋገር በየቦታው ስለሚደጋገም እውነት ይመስላል እንጂ ነገሩን ያበላሻል። ጋዙን የሚስበው የኮከቡ ስበት ነው፤ የምናየው ብርሃን ጉልበትም የሚመጣው ከዚያው ከስበት ነው። የማግኔቱ ድርሻ ጋዙ የት እንደሚያርፍ መወሰን ነው። የሁለተኛው ተማሪ ጥያቄ መልስም እዚህ ውስጥ ስላለ፣ ይህችን አንዲት ነገር ቢያስጨብጧቸው የቀረው ራሱ ይከተላል።

ክረምት ላይ የቆርቆሮ ጣሪያ ይመልከቱ። ዝናቡ የሚወርደው በጣሪያው ሁሉ ላይ ነው። አሸንዳ ከሌለው ውሃው በጠርዙ ሁሉ ይንጠባጠባል፤ አሸንዳ ካለው ግን ያ ሁሉ ውሃ ተሰብስቦ በአንድ ማዕዘን ይወርድና እዚያች ቦታ ላይ መሬቱን ይቦረቡራል። አሸንዳው ውሃውን አልሳበውም። ቁልቁል ያወረደው የምድር ስበት ነው፤ አሸንዳው የመረጠለት የሚያርፍበትን ቦታ ብቻ ነው። የኮከቡ መግነጢሳዊ መስክ ለሚወድቀው ጋዝ እንዲህ ያለ አሸንዳ ነው።

ሃይድሮጅን ለማግኔት የሚታዘዘው ለምንድን ነው? ቀዝቃዛ ሃይድሮጅን ቢሆን ኖሮ እምብዛም አይታዘዝም ነበር። ወደ እነዚህ ኮከቦች የሚወርደው ጋዝ ግን በሙቀትና በጨረር ብዛት አተሞቹ ኤሌክትሮናቸውን የተነጠቁ ነው፤ ፕላዝማ የምንለው። ኤሌክትሪክ የተሸከመ ቅንጣት ደግሞ በመግነጢሳዊ መስክ ውስጥ በመስመሩ ዙሪያ እየተጠማዘዘ ይሄዳል። በክር ላይ የተሰካ ዶቃ ያስቡ፦ ክሩን ተከትሎ ወዲያና ወዲህ ይንሸራተታል፣ ክሩን አቋርጦ መውጣት ግን አይችልም። የመስኩ ክሮች ኮከቡ ውስጥ የሚገቡት በዋልታዎቹ አካባቢ ስለሆነ፣ ዶቃው ተንሸራቶ የሚደርሰውም እዚያው ነው።

ለዚህ ምሳሌ ከሩቅ መፈለግ የለብዎትም። የምድር መግነጢሳዊ ወገብ የሚያልፈው በኢትዮጵያ ላይ ነው። አዲስ አበባ ላይ በነጻ የተንጠለጠለ የማግኔት መርፌ አግድም ሊሆን ምንም አይቀረውም፤ የመስኩ መስመሮች ከመሬቱ ጋር ተጋድመው ከደቡብ ወደ ሰሜን ያልፋሉ እንጂ ወደ መሬት አይገቡም። በሰሜን ኖርዌይ ያው መርፌ ወደ መሬት ይተከላል። የዋልታ ብርሃን በኖርዌይና በካናዳ ሰማይ ላይ ሲጨፍር በእኛ ሰማይ ላይ የማይታየው ለዚህ ነው፤ ኤሌክትሪክ የተሸከሙት ቅንጣቶች በእኛ በኩል ክሮቹን አቋርጠው መውረድ አይችሉም፣ በዚያ በኩል ግን ክሩ ራሱ ወደ ታች ያመጣቸዋል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ሲለካው የኖረው ይህንኑ የተጋደመ መስክ ነው። ለ11ኛ ክፍል ተማሪ ከዚህ የቀረበ ትምህርት አላውቅም።

ጋዙ መታዘዝ የሚጀምረው የት ላይ ነው? እዚህ ላይ ሁለት ግፊቶች ይፋጠጣሉ፦ የሚወድቀው ጋዝ ግፊትና የመስኩ ግፊት። ከኮከቡ ያለው ርቀት እጥፍ ሲሆን የመስኩ ጥንካሬ ወደ አንድ ስምንተኛ፣ ግፊቱ ደግሞ ወደ አንድ ስልሳ አራተኛ ይወርዳል። ስለዚህ ከሩቅ ጋዙ ማግኔቱን ከምንም አይቆጥረውም፤ ቀረብ ሲል ግን ማግኔቱ በጥቂት መንገድ ውስጥ ጌታ ይሆናል። ሁለቱ የሚተካከሉበት ድንበር በወጣት ኮከቦች ላይ ከኮከቡ ራዲየስ አምስት እጥፍ ገደማ ርቆ ይገኛል። ራዲየሱ 12 ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነ፣ ጠንካራ መስክ ባለው የኒውትሮን ኮከብ (ከፈነዳ ግዙፍ ኮከብ የቀረ፣ እጅግ የታመቀ እምብርት) ላይ ግን ድንበሩ በሺዎች ኪሎ ሜትር ይርቃል።

አሁን ወደ እርስዎ ኮከብ። ኤኤም ሄርኩሊስን ማክስ ቮልፍ በሃይድልበርግ በ1920ዎቹ ሲያገኘው ብርሃኑ ከሚለዋወጥ ከብዙ ኮከቦች እንደ አንዱ ተመዝግቦ ቀረ። ሃምሳ ዓመት ያህል ማንም ጉዳዬ አላለውም። በ1976 ሳንቲያጎ ታፒያ ብርሃኑን ሲመረምር ሞገዶቹ በያቅጣጫው ተበታትነው ሳይሆን ሥርዓት ይዘው እንደሚርገበገቡ፣ ማለትም ብርሃኑ በጣም ፖላራይዝድ እንደሆነ አገኘ። እንዲህ ያለ ብርሃን የሚሰጡት በጠንካራ መስክ ዙሪያ የሚጠማዘዙ ኤሌክትሮኖች ናቸው። የዚህ ዓይነት ኮከቦች «ፖላር» ተብለው የተጠሩት ከዚህ የተነሳ ነው። ስሙ ዋልታ ከሚለው ቃል የመጣ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው፤ የመጣው ግን ከብርሃኑ ጠባይ ነው።

እዚያ ያሉት ሁለት ኮከቦች ናቸው። አንዱ ነጭ ድንክ ነው፦ ስፋቱ የምድርን ያህል፣ ክብደቱ ግን ከፀሐይ ብዙ የማያንስ፣ ነዳጁን የጨረሰ ኮከብ። ሌላው ከፀሐይ ያነሰ ቀይ ኮከብ ነው። እጅግ ተቀራርበው በ3.1 ሰዓት አንድ ጊዜ ይዞራሉ፤ ከመቀራረባቸው የተነሳ የቀዩ ጋዝ በሁለቱ መካከል ባለችው ነጥብ በኩል እየሾለከ ወደ ነጩ ይፈስሳል። ብዙ ጊዜ እንዲህ የሚፈስስ ጋዝ በቀጥታ አይወድቅም፤ እየዞረ በኮከቡ ዙሪያ ሰፊ ሳህን ይሠራል። ኤኤም ሄርኩሊስ ግን 14 ሚሊዮን ጋውስ (የመግነጢሳዊ መስክ ጥንካሬ መለኪያ) ገደማ የሚሆን መስክ አለው። የፍሪጅ በር ላይ የምንለጥፈው ማግኔት መቶ ጋውስ ቢሆን ነው። ይህ መስክ ሳህኑ ሳይሠራ ፈሳሹን ገና በመንገድ ላይ ይቀበለውና በክሮቹ ላይ አሳፍሮ ወደ ዋልታው ያወርደዋል።

ጋዙ እዚያ ሲደርስ ፍጥነቱ በሰከንድ 5,000 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። ድንገት ይቆማል። ያ ሁሉ ፍጥነት ወደ ሙቀት ተለውጦ ጋዙ ከመቶ ሚሊዮን ዲግሪ በላይ ይግላል፤ ኤክስሬይም ይረጫል። ይህ ሁሉ የሚፈጸመው ከኮከቡ ገጽ መቶኛ እጅ በማይሞላ ቦታ ላይ ነው፤ ከአሸንዳው ሥር የተቦረቦረችው ጉድጓድ መሆኗ ነው።

ለሁለተኛው ተማሪ መልሱ እነሆ። «በሁሉም ጎኑ ያው ኮከብ ነው» ያለው ለተራ ኮከብ ይሠራል። እዚህ ግን የምናየው ብርሃን አብዛኛው ከኮከቡ ገጽ የሚመጣ አይደለም፤ ከዚያች ከጋለች ቦታ የሚመጣ ነው። ቦታዋ ወደ እኛ ስትዞር ኮከቡ ይደምቃል፣ ስትሸሽ ይደበዝዛል። በዚያ ላይ የተጠማዘዙት ኤሌክትሮኖች ብርሃናቸውን የሚያበዙት ከመስመሩ ወደ ጎን ነው፤ ስለዚህ ቦታዋ ሳትሸሸግ እንኳ የምናይበት ማዕዘን በመለወጡ ብቻ ብርሃኑ ይለወጣል። ጨረቃ ሁልጊዜ አንድ ፊቷን ለምድር እንደምታሳይ፣ ነጩም ድንክ ሁልጊዜ አንድ ጎኑን ለቀዩ ይሰጣል፤ መዞሪያውና መሽከርከሪያው እኩል 3.1 ሰዓት የሆኑት በዚህ ምክንያት ነው።

ተማሪዎች አንድ ነገር እንዳያደናግራቸው እፈራለሁ። ኤኤም ሄርኩሊስ ሌላም መለዋወጥ አለው፣ ሰዓት የማይጠብቅ። ለወራት ደምቆ ይቆይና በቀናት ወይም በሳምንታት ውስጥ ብርሃኑ ወደ ስድስተኛ እጁ ሊወርድ ይችላል። ተማሪ ሳለሁ የዚህ ኮከብ መለኪያ ተሰጥቶኝ ሁለት ሳምንት ሙሉ የኮምፒውተር ፕሮግራሜን ስህተት ስፈልግ ከርሜአለሁ። ፕሮግራሙ ምንም አልሆነም ነበር፤ ኮከቡ ነው የተኛው። ጋዙን የሚሰጠው ቀይ ኮከብ ፍሰቱን ቀንሶ ነበር። ለምን እንደሚቀንስ ብዙዎች የሚሰጡት ማብራሪያ እንደ ፀሐይ ነጠብጣብ ያሉ ጥቁር ነጠብጣቦች ጋዙ በሚሾልክባት ነጥብ ላይ ሲደርሱ መውጫውን ያጠቡታል የሚል ነው። ስለዚህ ሰዓቱንና ቧንቧውን ይለዩላቸው። በየ3.1 ሰዓቱ የሚደጋገመው የመሽከርከር ሰዓት ነው፤ በወራት የሚመጣው የቧንቧው መከፈትና መዘጋት ነው። የብርሃን ግራፍ የማንበብ ጥበብ ግማሹ እነዚህን ሁለቱን አለማምታታት ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ያው አሠራር በኒውትሮን ኮከብ ላይ ሲሆን ጉልበቱ ያስደነግጣል። ከህዳሴ ግድብ የምናገኘው መብራት የሚወድቅ ውሃ ጉልበት ነው፤ የእነዚህም ኮከቦች ብርሃን የሚወድቅ ጋዝ ጉልበት ነው። ልዩነቱ የጉድጓዱ ጥልቀት ነው። በኒውትሮን ኮከብ ላይ የሚወድቅ አንድ ኪሎ ግራም ጋዝ የሚለቀውን ጉልበት ለማመንጨት ግድቡ በሙሉ አቅሙ፣ በ5,150 ሜጋ ዋት፣ ከአንድ ወር በላይ መሥራት አለበት። ሃይድሮጅን ወደ ሂሊየም ሲለወጥ ከክብደቱ 0.7 በመቶ ወደ ጉልበት ይቀየራል፤ በዚህ አወዳደቅ ግን ከ15 እስከ 20 በመቶ ይደርሳል። የኑክሌር ኃይል ከሁሉ ይበልጣል ብለን ለምናስተምር መምህራን ሁሉ ጥሩ ማስደንገጫ ነው።

ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ ያሳየችን ሳተላይት የተተኮሰችው ከጎረቤታችን ከኬንያ ነው። በዲሴምበር 12 ቀን 1970፣ በኬንያ የነጻነት በዓል ዕለት፣ ከማሊንዲ አቅራቢያ ባሕር ላይ ከቆመው የሳን ማርኮ መድረክ ተነሣች፤ በዚሁ ምክንያት «ኡሁሩ» ተባለች፣ በስዋሂሊ ነጻነት ማለት ነው። በማግስቱ ዓመት የሪካርዶ ጃኮኒ ቡድን በእርሷ አማካይነት ሴንታውረስ ኤክስ-3 የተባለው የኤክስሬይ ምንጭ በየ4.84 ሰከንዱ እንደሚመታ አገኘ። ብርሃኑ በየ2.09 ቀኑ ለአሥራ ሁለት ሰዓት ገደማ ይጠፋል፤ ግዙፉ ጎረቤቱ ይጋርደዋል። በዓመታት ውስጥ ምቱ እየፈጠነ መሄዱም ታየ። የሚወድቀው ጋዝ ዝም ብሎ አይወድቅም፤ እየዞረ የመጣበትን ሽክርክሪት ለኮከቡ ያስረክበዋል፣ እንዝርትን እየደጋገሙ እንደማሾር። ይህ ከሬዲዮ ፑልሳሮች፣ ማለትም እየተሽከረከሩ የሬዲዮ ምት ከሚልኩ የኒውትሮን ኮከቦች፣ ይለየዋል፤ እነዚያ የሚያበሩት የራሳቸውን ሽክርክሪት እየከሰሩ ስለሆነ ምታቸው እየዘገየ ነው የሚሄደው።

ለእኔ ከሁሉ የሚጣፍጠው ግን ሄርኩለስ ኤክስ-1 ነው፣ ምክንያቱም ሦስት ሰዓት በአንድ ላይ ይዟል። በ1.24 ሰከንድ ይመታል፦ ይህ የኒውትሮኑ ኮከብ መሽከርከር ነው። በ1.7 ቀን አንድ ጊዜ ይጋረዳል፦ ይህ የሁለቱ ዙረት ነው። ሦስተኛው 35 ቀን ነው፣ እርሱም ብዙ ሰው አስቸግሯል። ኤክስሬዩ አሥር ቀን ገደማ ደምቆ ይታያል፤ ከዚያ ይጠፋል፣ ቆይቶ ደከም ብሎ ለጥቂት ቀናት ይመለሳል፣ እንደገና ይጠፋል። የጋዙ ሳህን ጠፍጣፋ አይደለም፤ እንደ ተጣመመ ሰፌድ ነው። ሰፌዱ ቀስ ብሎ ሲዞር ከንፈሩ በእኛና በኮከቡ መካከል እየገባ ይጋርደዋል።

ኮከቡ በተጋረደብን ጊዜም መብራቱ እንዳልጠፋ የሚመሰክር አለ፣ ጎረቤቱ። ይህ ጎረቤት ኩኖ ሆፍማይስተር ብርሃኑ እንደሚለዋወጥ በ1936 የመዘገበው፣ ኤችዜድ ሄርኩሊስ የተባለ ኮከብ ነው። ወደ ኒውትሮኑ ኮከብ የዞረው ፊቱ በኤክስሬይ ስለሚጠበስ ከጀርባው ይበልጥ ያበራል፤ በየ1.7 ቀኑም ብሩህ ፊቱንና ደብዛዛ ጀርባውን እያፈራረቀ ያሳየናል። ለእኛ ኤክስሬዩ በጠፋባቸው ቀናት ይህ መፈራረቅ ይቀጥላል። እሳቱ ከተራራው ጀርባ ቢሆንም ተቃራኒው ገደል ላይ የሚያርፈው ብርሃን እንደሚናገር ማለት ነው።

መስኩ ምን ያህል እንደሚያይል የተለካውም በዚሁ ኮከብ ላይ ነው። በ1976 የዮአኪም ትሩምፐር ቡድን በባሉን ባወጣው መሣሪያ በኤክስሬዩ ውስጥ መስኩ የተወውን አሻራ አገኘ፤ ከዚያ የተሰላው ጥንካሬ በትሪሊዮኖች ጋውስ ነው። ይሁንና ሁሉን አውቀን ጨርሰናል ብለው እንዳያስተምሩ። ከዋልታው በላይ የቆመው የጋለ ምሰሶ የሚሰጠው ኤክስሬይ ከ60 እስከ 80 በመቶ ፖላራይዝድ ይሆናል ብለው ብዙ ስሌቶች ተንብየው ነበር። አይኤክስፒኢ የተባለችው ሳተላይት በ2022 ስትለካው ከአሥር በመቶ በታች ሆኖ ተገኘ። የአሸንዳው መንገድ ትክክል ነው፤ ከሥሩ ባለችው ጉድጓድ ውስጥ የሚሆነው ግን ገና እያከራከረ ነው።

ወጣት ኮከቦችን ባልነካ ቅር ይለኛል፣ ምክንያቱም ፀሐይም በልጅነቷ እንዲህ ሳትሆን አልቀረችም። ቲ ታውሪ የሚባሉት እነዚህ ኮከቦች ገና በጋዝና በአቧራ ሳህን የተከበቡ ናቸው፤ መስካቸው 2,000 ጋውስ አካባቢ ነው። ይህ በዛሬዋ ፀሐይ ላይ በነጠብጣቦቿ ውስጥ ብቻ የሚገኝ ጥንካሬ ነው፤ እነርሱ ግን በገጻቸው ሁሉ ያገኙታል። ጋዙ በሰከንድ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ እየከነፈ ይወድቅባቸዋል። ጂኤም ኦሪጌ በተባለው ኮከብ ላይ በ2021 የታተመ ጥናት ያሳየው ነገር ያስደስተኛል፦ የአልትራቫዮሌት ብርሃኑ ጫፍ ላይ ከደረሰ ከአንድ ቀን ገደማ በኋላ ነው የሚታየው ብርሃን ጫፍ ላይ የደረሰው። ኮከቡ በስድስት ቀን ገደማ አንድ ጊዜ ይሽከረከራል። ይህ የሚሆነው የጋለችው ቦታ አንድ ወጥ ስላልሆነች ነው፤ እጅግ የጋለው እምብርቷ ቀድሞ ወደ እኛ ይዞራል፣ ሰፊውና ቀዝቀዝ ያለው ዳርቻዋ ተከትሎ። በብርሃን መዘግየት ብቻ በሩቅ ኮከብ ላይ ያለችን ነጠብጣብ ቅርጽ ማንበብ ማለት ነው።

ነገር ግን በወጣቶቹ ላይ መደብዘዝ ሁሉ የነጠብጣብ መሸሽ አይደለም። ኤኤ ታውሪ በየ8.2 ቀኑ የሚደበዝዘው መስኩ የሳህኑን ውስጠኛ ጠርዝ ስላጣመመው፣ የተጣመመውም አቧራ እየዞረ ስለሚጋርደው ነው። በ2011 ደግሞ ሰዓቱን ትቶ በጣም ደበዘዘና ለዓመታት እንደ ደበዘዘ ቆየ፤ ከራቅ ያለ የሳህኑ ክፍል ሌላ አቧራ መጥቶ ጋርዶታል። ከዚህም ሌላ፣ የሚወድቀው ጋዝ ሲበዛ አሸንዳውን ሞልቶ ይፈስሳል። በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የማሪና ሮማኖቫ ቡድን የሠራቸው የኮምፒውተር ስሌቶች እንዳሳዩት፣ በዚህ ጊዜ ጋዙ በክሮቹ መካከል እንደ ምላስ እየገባ በወገብ አካባቢ በየቦታው ያርፋል፤ ቦታዎቹም እየጠፉ እየበቀሉ ብርሃኑ ሰዓት ያጣል። ዶቃና ክር ያልኩት ምሳሌ እዚህ ላይ ይበጠሳል፤ ጎበዝ ተማሪ ካለዎት ይህንንም ይንገሩት።

ለክፍልዎ አንድ ሙከራ ላቀብልዎት። ክፍሉን አጨልመው በአንድ ኳስ ላይ ትንሽ መብራት ይለጥፉ፤ ኳሱ የሚዞርበት እንጨት ከሚወጣበት ጫፍ ትንሽ ራቅ አድርገው። በእኩል ፍጥነት እያዞሩት እያንዳንዱ ተማሪ ከተቀመጠበት ሆኖ የሚያየውን ብርሃን በግራፍ ይሣል። ከጎን ያሉት መብራቱ ብቅ እያለ ሲጠፋ ያያሉ። ከፍ ብለው የተቀመጡት አንዳንዶቹ መደመቅና መደብዘዝ እንጂ መጥፋት አያዩም። አንዱን ተማሪ ጠረጴዛ ላይ አቁመው በትክክል በእንጨቱ አቅጣጫ ቁልቁል እንዲያይ ያድርጉት። መብራቱ ሳይጠፋበትና ሳይቀንስበት ክብ እየሠራ ሲዞር ብቻ ያየዋል፤ በወረቀቱም ላይ አንድ ቀጥ ያለ መስመር ይሥላል። ማርክ አይቀንሱበት። ሰማዩ ላይም ዋልታቸውን ወደ እኛ የሰጡ፣ ጋዝ እየወደቀባቸው ምንም የማይመቱ እንዲህ ያሉ ኮከቦች ሳይኖሩ አይቀሩም።